ግማሽ ሰዓት በረዶው ላይ

ታውኖ ሌባ አልነበረም። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ግን የሌባ ሥራ ጀመረ። እሱ ባለበት ሰሜን አገር የካቲት ገና ክረምት ነው። በዚያ የካቲት ገና ጎህ ሳይቀድ ከቤቱ ይወጣና፣ ጎንበስ ብሎ፣ በረዶ የሆነውን ሐይቅ አቋርጦ ወደ ኢምፒ የአሳ ማጥመጃ ጉድጓዶች ይሄድ ነበር። የሚረግጠውም የኢምፒ የዕቃ መጎተቻ መንሸራተቻ ባለፈበት ዱካ ላይ ብቻ ነበር። የራሱ ኮቴ በረዶው ላይ እንዳይታይ መጠንቀቁ ነው።

ኢምፒ ጎረቤቱ ናት። ጎረቤት ሲባል ግን ቤቷ ከሐይቁ ወዲያ ማዶ፣ ጥዱ መሀል ነው፤ ከእሱ ቤት የሚታየው የጭስ ማውጫዋ ብቻ ነው። ባሏ አርቪ ከሞተ ከርሟል። ልጅነታቸውን አብረው ያሳለፉ ናቸው፤ አብረው ተምረዋል፣ አብረው አርጅተዋል። ክረምት ከክረምት ሁለቱም ፓይክ ያጠምዳሉ። ፓይክ ያ አፈ ሹሉ፣ ጥርሱ ተቆጥሮ የማያልቀው፣ የገዛ ልጁን እንኳ የማይምር ክፉ አሳ ነው፤ ሾርባው ግን ይጣፍጣል። አጠማመዱም ከባድ አይደለም። በረዶውን በዲጂኖ በስተህ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንጨት አጋድመህ፣ ከእንጨቱ ሲባጎና መንጠቆ ታንጠለጥላለህ፤ መንጠቆው ላይ ነፍስ ያላት ትንሽ አሳ ትሰካለህ። ከዚያ ቤትህ ገብተህ ትተኛለህ። ከባዱ ጠዋት ነው። ሌሊቱን የጉድጓዱ አፍ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ እሱን እንደገና መስበር የጉልበትና የትከሻ ሥራ ነው።

እዚያ አገር የቤት በር ሳይቆለፍ ያድራል። ጀልባህን ጎረቤትህ ሳይጠይቅህ ወስዶ ማታ ይመልሳል፤ ማንም ቅር አይለውም። የሰው ጉድጓድ ግን አይነካም። ሌላ ሰው የሚከፍተው ባለቤቱ ሲሞት ነው፣ ወይም ደግሞ ከእንግዲህ በረዶ ላይ አይወጣም ተብሎ ተስፋ ሲቆረጥበት። ያኔ ከጎረቤት አንዱ ይወጣል፣ ጉድጓዱን ሰብሮ መንጠቆውን ይሰበስባል፣ ለቤተሰቡ ያስረክባል። አርቪ የሞተ ጊዜ ይህን ያደረገው ታውኖ ነበር። ኢምፒ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ እስኪጨርስ ድረስ ስታየው ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቀ ነው እንግዲህ የኢምፒን ጉድጓድ መክፈት የጀመረው። ምን ነካው ትሉ ይሆናል። ብቸኝነት ነው የነካው፣ ሌላ ምን ይነካዋል!

ታውኖ አላገባም። እናቱ እስክትሞት ከእናቱ ጋር ኖረ፤ ከዚያ በኋላ ከሬዲዮው ጋር። በክረምት ቀኑ አጭር ነው፣ ጨለማው ረጅም ነው፣ የሰው ድምፅ የለም። በቀን ውስጥ ለእሱ አንድ ነገር ብቻ ነበረችው። ኢምፒ መንጠቆዎቿን አይታ ስትጨርስ፣ ባልዲዋን ይዛ እሱ ካለበት ትመጣለች፤ ባልዲውን ትደፋና ትቀመጥበታለች፤ ከፔርሙዟ ቡና በክዳኑ ትቀዳለታለች።

«ብርዱ ጠንክሯል» ትላለች።

«ጠንክሯል።»

«ትናንት ግን ይብስ ነበር።»

«ይብስ ነበር።»

በቃ፣ ጨዋታቸው ይኸው ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ትሄዳለች። የታውኖ ቀን ግን ያቺ ግማሽ ሰዓት ነበረች። የቀረው ሁሉ እሷን መጠበቂያ ነው።

በዚህ ክረምት የኢምፒ ቀኝ ትከሻ ከዳት። ዲጂኖውን አንዴ ታነሳና ትወቃለች፣ ቆማ ትተነፍሳለች፣ እንደገና ታነሳለች። ታውኖ ከራሱ ጉድጓድ ላይ ሆኖ ያያታል። ጨርሳ ቀና ስትል የመቀመጥ አቅም የላትም። ከሩቅ እጇን ታወዛውዝና «ደከመኝ፣ ልግባ!» ብላ ወደ ቤቷ ታዘግማለች። የመጀመሪያውን ቀን ምንም አልመሰለውም። በሁለተኛው ከፋው። ሳምንቱን ሙሉ ሳትመጣ ስትቀር ቤቱ ገብቶ፣ የአየር ጠባይ የሚያነበውን የሬዲዮ ሰውዬ ይሳደብ ጀመር።

ደህና ሰው ቢሆን ጠጋ ብሎ፣ «ዲጂኖውን ወዲህ በይ፣ አንቺ ቡናውን ቅጂ» ይላታል። አለቀ። ታውኖ ግን እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ከሚያወጣ ሐይቁን በማንኪያ ቀድቶ ቢጨርስ ይቀለዋል። ስለዚህ በማለዳ ተነስቶ በድብቅ መክፈት ጀመረ። የጉድጓዷን አፍ ይሰብራል፣ ስባሪውን በጭልፋ ያወጣል፣ መንጠቆውን ሳይነካ ይመለሳል። እሷ እስክትመጣ ላዩ ላይ ስስ በረዶ ይይዛል። አንዴ ወቅታ ስትሰብረው፣ ጉልበቴ ተመለሰልኝ ትበል ብሎ ነው።

መጀመሪያ ቀን ከራሱ ጉድጓድ ላይ ሆኖ ጠበቃት። መጣች፤ ዲጂኖዋን አነሳች፤ ወቃች። ተሰበረ! ኢምፒ ቆም ብላ ጉድጓዱን አየች፣ ዲጂኖዋን አየች፣ ወደ ሁለተኛው ሄደች። እሱም በአንድ ምት። ሁሉንም ጨርሳ፣ አንድ ደህና ፓይክ መንሸራተቻዋ ላይ ጭና፣ ባልዲዋን ይዛ መጣች።

«ዛሬ በረዶው ገር ሆነልኝ» አለች።

«ገር ነው» አለ ታውኖ፣ ፊቱን ኮሌታው ውስጥ ቀብሮ።

ያን ቀን ቡናው ካለቀም በኋላ ተቀመጠች። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን መጣች። በልጅነታቸው እሱ ስስ በረዶ ላይ ወጥቶ እስከ ወገቡ የሰመጠ ዕለት እንዴት እንደሳቀችበት አንስታ ሳቀች። እሱም ሳቀ። አንድ ቀን የአጃ ዳቦ በቅቤ አምጥታ ከፍላ ሰጠችው። ደስ አለው። ከእናቱ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ቤቱ ሲገባም ሬዲዮውን አልከፈተም። አንዳንዴ ታዲያ ኢምፒ ወሬ አቋርጣ ፊቱን ታየው ነበር፤ የሆነ ነገር እንዲላት የምትጠብቅ ትመስላለች። ታውኖ «ደመና እየመጣ ነው» ይላታል።

ካውኮ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ካውኮ የመንገድ በረዶ ጠራጊ ነው፤ ወሬም ይጠርጋል። በበረዶ ሞተሩ እየበረረ መጥቶ ታውኖ አጠገብ ቆመ።

«ጋሽ ታውኖ! ጢምዎን ተላጭተዋል እንዴ? ለፓይኩ ነው?»

«ሂድ መንገድህን ጥረግ።»

«ኧረ መጠየቄ ነው። ደግሞ የሆነ ነገር ይሸተኛል።»

«ሳሙና ነው።»

«ሳሙና! እርስዎ ሳሙና ከገዙማ ነገሩ ከርሯል ማለት ነው! ሰርጉ ላይ እንዳይረሱኝ።» ሲስቅ ቆየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢምፒን ሱቅ አገኘኋት። ጉድጓዷን የሚከፍትላት ሰው አለ አሉ።»

ታውኖ ሲባጎውን ሲያስተካክል እጁ ቆመ። «ማን ነው አለች?»

«ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። ‹ከፋች ከመጣልኝማ አበቃልኝ ማለት አይደል› ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ደስ አይልም፣ ጋሼ። እኔ ባውቀው ያንን ሰውዬ አንድ ነገር እለው ነበር። የቆመ ሰው እንዴት ይቀበራል?»

ካውኮ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ታውኖ በቆመበት ደርቆ ቀረ። አበቃላት! እሱ መቼ እንዲህ አሰበ? እሱ ያሰበው ባልዲውንና ቡናውን ነው። የአርቪ ጉድጓድ ትዝ አለው፤ ኢምፒ መስኮቱ ጋ ቆማ ስታየው የነበረውም ትዝ አለው። ነገ እነግራታለሁ አለ።

በማግስቱ ጉድጓዷን አልከፈተም። ሳይከፍት፣ ስትመጣ ሊነግራት አሰበ። ሌሊቱ ደግሞ ክፉ ብርድ ነበር። ኢምፒ መጣችና እንደለመደችው አንዴ ወቃች። ዲጂኖው ነጥሮ ተመለሰ። ደግማ ወቃች። ትወቃለች፣ ታርፋለች፣ ትወቃለች፤ ድምፁ በሐይቁ ላይ ይሰማል። ታውኖ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ፤ ከዚያ ቆመ። ብሄድ ምን ልላት ነው እያለ ቆመ። አንዱን ጉድጓድ እንደምንም ከፈተች፤ ሌሎቹን ተወቻቸው። ዲጂኖዋን መንሸራተቻው ላይ ጣል አድርጋ ወደ እሱ መጣች። ባልዲዋን አልያዘችም።

«ኢልፖ ጋ ደውያለሁ» አለች። ኢልፖ ልጇ ነው፣ ኩኦፒዮ ከተማ ይኖራል። «ከሳምንት በፊት ነው የደወልኩት። ለአረጋውያን የሚሆን ክፍል አግኝቶልኛል። ቅዳሜ ይወስደኛል።»

«ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ። ክፍሉ ሙቀት አለው አሉ። ምግብም ያቀርባሉ።»

«ያቀርባሉ?»

«ያቀርባሉ።»

ነፋስ ነፈሰ። ቃሉ ታውኖ ጉሮሮ ድረስ መጣ፤ ምላሱ ላይ ደረሰ። ኢምፒ ቆማ ጠበቀች። መሄድ ትችል ነበር፣ አልሄደችም፤ ቆማ ጠበቀች።

«ጥሩ ነው» አለ ታውኖ።

አይ ታውኖ! ምኑ ነው ጥሩው?

«እንግዲህ ጥሩ ነው» አለች እሷም፣ መንሸራተቻዋን ጎትታ ሄደች።

እስከ ቅዳሜ በረዶ ላይ አልወጣችም። ታውኖ በየቀኑ ወጣ። ፓይክ እንደ ጉድ ያዘ፤ ደስ አላለውም፤ አንዱንም ቀቅሎ አልበላም። ማታ ማታ ምድጃው ፊት ተቀምጦ የሚላትን ጮክ ብሎ ይለማመድ ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ አንደበቱ ርቱዕ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የእሁድ ኮቱን ለብሶ ሐይቁን ተሻገረ። የኢምፒ በር ተከፍቶ ኢልፖ ዕቃ ይጭናል። ቤት ውስጥ ምድጃው ጠፍቷል፤ የአልጋው ልብስ ተጠቅልሏል።

«ጋሼ ታውኖ! እንዴት ነዎት?» አለ ኢልፖ፣ ጓንቱን አውልቆ እየጨበጠው። «ሊሰናበቷት መጡ? ደግ አደረጉ። ይገርምዎታል፣ ስንት ዓመት ስለምናት ስትሰድበኝ ነው የኖረችው። ‹ከሐይቄ የምታወጡኝ በሬሳ ሣጥን ነው› ነበር የምትለኝ። አሁን ራሷ ደውላ ውሰደኝ አለች። ምን እንዳገኛት እንጃ።» ከዚያ ውሃው በረዶ ሆኖ ቧንቧውን እንዳያፈነዳ፣ መራገፉን ሊያይ ወደ ጓዳ ገባ። በዚያ ብርድ ውሃው የተራገፈ ቤት እስከ ፀደይ ሰው አይገባበትም።

ኢምፒ መኪናው ውስጥ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የመኪናው በር አልተዘጋም። ታውኖ አጠገቧ ቆመ። ሲለማመደው የሰነበተው ሁሉ ጠፋበት።

«ኢምፒ።»

«እ?»

«ጉድጓድሽን ስከፍት የነበርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ታውቂያለሽ?»

«ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ። የጉድጓድ ጠርዝ እንደ ሰሃን ክብ አድርጎ የሚያስተካክል ካንተ ሌላ ማን አለ? እኔ የምሰብረው ተቦጫጭቆ ነው የሚቀረው።»

«ታዲያ እያወቅሽ...»

«ካውኮ ቢሆን፣ ወይ ሌላ ሰው ቢሆን፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ አዋርደው ነበር። ከዚያ ተመልሼ አጠምድ ነበር።» ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አላበሰችውም። «አንተ ግን ጉድጓድ በከንቱ አትከፍትም። ታውኖ ከከፈተልኝ በእውነትም አብቅቶልኛል አልኩ። ከማንም ፍርድ ያንተ ነው የከበደኝ።»

«አብቅቶልሻል ብዬ አይደለም!» ድምፁ ጎላ አለበት፤ ራሱም ደነገጠ። «በበረዶው ስትለፊ ደክሞሽ ቶሎ ትገቢያለሽ። እንዳይደክምሽ ብዬ ነው።»

«ብገባስ?»

«እንድትቀመጪ ነዋ።»

«የት?»

ታውኖ አቀርቅሮ ጫማውን አየ። «አጠገቤ።»

ኢምፒ ወደ ሐይቁ አየች፣ ወደ ቤቷ አየች፤ መስኮቱ መጋረጃ የለውም።

«ሰኞ ዕለት በረዶው ላይ ቆሜ ጠበቅኩህ እኮ» አለች።

«አፌ ላይ ነበር።»

«አፍህ ላይማ ዕድሜ ልክህን ነበር፣ ታውኖ።»

ስድብ አልነበረም። እጇን ከጓንቷ አውጥታ የኮቱን እጅጌ ያዘች፤ ያዝ አድርጋ ቆየች። ታውኖ እጁን እጇ ላይ ሊያደርግ ሲል ኢልፖ ከቤት ወጣ፤ የቤቱን በር ቆለፈ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።

«እማዬ፣ እንሂድ? እነሱ ከምሳ በፊት ነው የሚቀበሉን።»

«እንሂድ» አለች ኢምፒ፣ እጅጌውን ለቀቀችው። ከዚያ ታውኖን ቀና ብላ አየችው። «በሩን ግጠምልኝ፣ ብርድ ገባ።»

ታውኖ በሩን ገጠመላት።