ጠባቂውን ያስጠፋው ሰው

ቴክኒሻኗ አክስቷን የጽዳት ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ቁልፍ ስታስረክብ አየቻትና ደሟ ፈላ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ኔትወርኩን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ ብሎ አሰናበተኝ። ጠዋት ስወለውል ወልቆ የወደቀ ገመድ አንስቼ ግድግዳው ላይ ሰክቼ ነበር። ምናልባት እኔ እሆናለሁ።»

ያሰናበታት የአስተዳደር ኃላፊው ነው። ነገሩን ሁሉ «አውቃለሁ» ብሎ ስለሚጀምር ሠራተኛው አውቃለሁ ይለዋል። የሰው ዕቃ ሳትነካ ፀጉሯ የሸበተን ሴት፣ እናት አባት ሆና ያሳደገቻትን አክስቷን፣ እንደ ሌባ ሲያባርራት ምላሱ እንኳ አልተያዘም።

«የትም እንዳትሄጂ» አለቻትና ወደ ማሽን ክፍሉ ወረደች።

የሕንፃው ኮምፒውተሮች ገመድ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ፣ እርስ በርስ በሚያገናኛቸው ሳጥን፣ ስዊቹ ላይ ነው። አንድ መስመር ዞሮ ተመልሶ እዚያው ስዊች ላይ ከገባ መልእክቱ መውጫ አጥቶ ይሽከረከራል፤ እየተባዛም ሌላውን ሁሉ ያንቃል። ስዊቹ ለዚህ ጥበቃ አለው፤ የራሱ መልእክት ሲመለስበት ያንን መስመር ይዘጋዋል። ግን ይኼው አውቃለሁ የሚሉት ኃላፊ በቅርቡ «የቢሮዬን መስመር እየዘጋ አስቸገረኝ፣ አጥፊልኝ» አላት። አይሆንም ብላ ተከራከረች። ትእዛዝ ነው ሲላት አጠፋችው። አሁን ትዝ ሲላት እሱ ላይ ብቻ ሳይሆን ራሷም ላይ ተናደደች።

ማሽን ክፍሉ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጇ ከአውቃለሁ ጋር ቆመው ይጠብቋት ነበር።

«ጽዳት ገመድ ስትነካ ምን ይጠበቃል? አውቃለሁ እኮ፣ ስንቴ ተናግሬያለሁ» አለ።

ቴክኒሻኗ ኮምፒውተሯን ስዊቹ ላይ ሰክታ ጥበቃውን መልሳ አበራችው። እንደ እብድ ሲብለጨለጩ የነበሩት መብራቶች ረጋ አሉ፣ አንዷ ብቻ ድርግም ብላ ጠፋች። ከመብራቷ ሥር ቴክኒሻኗ ራሷ የለጠፈችው ጽሑፍ አለ፤ የአስተዳደር ኃላፊ ቢሮ።

ሦስቱም ወደ ቢሮው ወጥተው አዩት። ከጠረጴዛው ሥር አውቃለሁ ራሱ ከሱቅ የገዛት ትንሽ ስዊች ተቀምጣለች፤ ሁለት ገመድ ወጥቶላት ግድግዳው ላይ ካሉት ሁለት ሶኬቶች ገብቷል፤ በአንዱ የወጣው መልእክት በሌላው ይመለሳል።

«ፍጥነት እንዲጨምር ብዬ ነው። ከአንድ ሁለት ይሻላል» አለ።

አክስቷ የሰካችውማ የማተሚያ ማሽኑ ገመድ ነበር። ምስጋና ነበር የሚገባት።

«በሉ ይታለፍ። ሰው ነው፣ ይሳሳታል» አሉ ሥራ አስኪያጇ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። እሱ ሲያጠፋ ሰው ሆነ፤ አክስቷ ሳታጠፋ ጠዋት ሰው አልነበረችም።

«በይ እንግዲህ፣ መስመሬን ክፈቺልኝ» አለ አውቃለሁ።

«ያባረሯትን ሴትዮ ይቅርታ ሳይጠይቁ አልከፍትም። ከፈለጉ እኔንም ያባሩኝ።»

ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረ። እሳቸው ግን መሬት መሬት አዩ።

«ሂድ እንግዲህ» አሉት።

አክስቷ ቁጭ ብላ ማልቀስ አልሆነላትም ነበር፤ የመጨረሻዬ ነው ብላ ኮሪደሩን እየወለወለች ነው። አውቃለሁ ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ እግሩን ሲያነሳ መወልወያዋን ፊቱ ጋረጠችበት።

«ወለሉ እርጥብ ነው» አለችው። «እዚያው ቆመው ይናገሩ።»