የቅዳሜው አረም

ለምእመናን በሙሉ፦ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ በሐይቁ ዳር አረም ይነቀላል።

ክፍሌ ይህን ያነበበው ቶሮንቶ ፓርክዴል ባለችው የምድር ቤት ቤተ ክርስቲያን፣ በረቡዕ ጸሎት ላይ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ ካደረገ በኋላ ነው። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት “አሜን!” አሉ። ከሙሉእመቤት በቀር አረሙ ለምን እንደሚነቀል ሁሉም ያውቃል።

“እኔም እመጣለሁ” አለች ሙሉእመቤት እጇን አውጥታ። ምእመናኑ በአንድነት ተነፈሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሙሉእመቤት ታናሽ ወንድም ዋለልኝ ሰኞ ዕለት ከቀበሌው ሰው ጋር እምቦጭ ሊነቅል በታንኳ ጣና ላይ ወጣ። ታንኳዋ ከነአረሙ ክምር ተገለበጠች። ዋለልኝ ዋና ያውቅ ነበር፤ እምቦጭ ውስጥ ግን አይዋኝም። ወሬው በዚያው ቀን ቶሮንቶ ገባ፤ የገባውም እንደ ደንቡ ሽማግሌው ክፍሌ ዘንድ ነው።

መርዶ ወግ አለው። ሽማግሌ ይናገራል፣ የቅርብ ሰው ጎን ይቀመጣል። የቅርብ ሰው ባሏ ያሬድ ነው፤ እሱ ደግሞ ትራኩን ይዞ ቫንኩቨር ነበር። ቶሎ ገባ ቢባል ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ ከመንገድ እየደወለ እንዲያስቃት ክፍሌ አዘዘው። ያሬድም ታዘዘ፤ በየቀኑ ደውሎ አሳቃት፤ ስልኩን ዘግቶ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። በሥራ ቀን ስልኳን የምታነሣው ለእሱ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ፣ የዕረፍቷ ቀን ግን ስልኳን ማን ይጠብቅ? ዛሬ ፌስቡክ ሽማግሌ አያስቀድምም።

ክፍሌ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ካቻምና የአጸደን እናት ሞት ደብቀው፣ “ቅዳሜ ይሻላል፣ የለም እሑድ” እያሉ ሲማከሩ፣ አጸደ ብሉር ላይ የምድር ውስጥ ባቡር ተሳፍራ እንደቆመች የእናቷን ፎቶ ከሻማ ጋር ስልኳ ላይ አየችው። ሦስት ጣቢያ ሙሉ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልረገጠችም፤ ክፍሌን መንገድ ላይ ካየችው ትሻገራለች። “ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ሽምግልናዬን አስረክባለሁ” ብሎ በጉባኤ ፊት ተናግሯል። ሽምግልናው ደግሞ እዚህ አገር ያለችው ብቸኛ ማዕረጉ ናት። ለሰው “የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነኝ” ይላል እንጂ ሥራው ረግረግ ገብቶ አረም መንቀል ነው።

ሐሳቡም የመጣለት ከሥራው ነው።

“ውሃ ውስጥ ስልክ አይያዝም” አላት ሆሣዕናን፣ የመዘምራኑን መሪ። “አራት ሰዓት ታሳልፋለች። ያሬድ እዚያው ድረስ ይመጣል።”

“ጋሽ ክፍሌ፣ ጌታ ነው ያሳየዎት!”

እምቦጭ የበላውን ሰው እህት አረም ልናስነቅላት ነው ወይ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም።

ቅዳሜ ሙቀቱ የሚገርም ነበር። ሁሉም ስልኩን ባልዲ ውስጥ ጨመረ። ሙሉእመቤት የእሷን ስልክ ቤት እንደረሳችው ተናገረች፤ ሆሣዕና ክፍሌን በክርኗ ነካ አደረገችው፤ እንዲህ ያለ ዕድል! ሙሉእመቤት ረዥም ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነው የመጣችው።

“ሙሉዬ፣ በዚህ ሙቀት?” አላት ክፍሌ።

“ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ጋሽ ክፍሌ።”

ከመኪናዋ ኋላ ዞር ብላ ውሃ ውስጥ የሚለበሰውን የጎማ ልብስ እስከ ደረቷ ስባ፣ ካፖርቷን ደርባበት ተመለሰች። ማንም ነገሬ አላላትም።

አረሙ ውሃው ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ቅጠሉ ሳንቲም ያክላል። ክፍሌ ለእንግዳ የሚሰጠውን ገለጻ ጀመረ፦ ከሩቅ አገር ነው የመጣው፣ ለጌጥ ነው ያመጡት፣ አምልጦ ገባ፣ ከሥሩ ላለው ብርሃን ይነፍጋል፣ ዓሣው ይታፈናል፣ እንቁራሪቱ...

“እምቦጭ ማለት ነው” አለች ሙሉእመቤት።

ክፍሌ ያን ጊዜ ነው የት እንዳመጣት የገባው። አፉ ደረቀ፤ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ አፉ ደረቀ።

“የለም... ይሄ ትንሽ ነው። ይሄ አይጎዳም” አለ፣ አሁን ዓሣ ያስፈጀው ሰውዬ።

“የማይጎዳ ከሆነ ለምን እንነቅለዋለን?”

“መዝሙር ይዘመር!” አለች ሆሣዕና። ተዘመረ። ሙሉእመቤትም አብራ ዘመረች። አረሙን በሁለት እጇ እየሰበሰበች፣ ሥሩን እያራገፈች፣ ባልዲ ትሞላለች። እንደሷ የነቀለ አልነበረም።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ሆሣዕና ግንድ ላይ ፀሐይ ይሞቅ የነበረ ኤሊ አየች፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ቀይ መስመር አለው። ክፍሌ በመረብ ያዘው። ስለ ኤሊ ማውራት ስለ አረም ከማውራት ይሻላል ብሎ አብራራ፦ አገሩ ከደቡብ፣ ሞቃቱ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ሰው ለልጆቹ ይገዛዋል፣ ሲሰለቸው እዚህ ይጥለዋል፣ የአገሬውን ኤሊ ከግንዱ ገፍቶ ያባርራል።

“አሁን ወዴት ትወስዱታላችሁ?” አለች ሙሉእመቤት።

ተይዞ የሚሄደው ወደሚገደልበት ነው። ክፍሌ ኤሊውን አየ። ኤሊውም አንገቱን አውጥቶ አየው።

“ወደ... ጥሩ ቦታ” አለ።

“ለእሱም አትነግሩትም ማለት ነው?”

ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ከቀልዱ ይበልጥ ነበር፤ ማዶ ያሉት ዳክዬዎች ተነሥተው በረሩ። ክፍሌ ብቻ አልሳቀም፤ ኤሊውን ሳጥን ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ገጠመ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ሽማግሌዎች በሙሉ ልብስ ሣሩ ላይ ታዩ። በመካከላቸው ያሬድ ነው፤ የተዋሰው ጥቁር ኮት አጥሮበት እጅጌው ክርኑ ላይ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ሙሉእመቤት ባሏን ስታይ ሮጣ አልወጣችም። የያዘችውን አረም ባልዲ ውስጥ ጨመረች፤ እጇን አጠበች፤ ቀስ ብላ ወጣች።

ክፍሌ ቀድሟት ዳር ደርሷል። ሦስት ቀን ያጠናው ንግግር ነበረው፦ “ልጄ፣ ጌታ ሰጠ፣ ጌታም...” የሚል።

“ቆይ፣ ሙሉዬ፣ በመጀመሪያ ይሄን አውልቂ” አላት። በጎማ ልብስ መርዶ አይሰማም።

ካፖርቷን አውልቃ ሣሩ ላይ ጣለችው። የጎማው ማንገቻ ስለረጠበ እምቢ አላት፤ ክፍሌ ፈታላት። ጎማው ወደ ቁርጭምጭሚቷ ወረደ። ከሥሩ ጥቁር ቀሚስ ነው፤ የተተኮሰ፣ እጅጌው ረዥም፣ የካውያው መስመር ገና ያልጠፋ። ደረቷ ውስጥ እጇን ሰደደችና እንዳይረጥብ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፈታችው። ጥቁር ሻሽ ነበር። አሰረችው።

አንድ ባዶ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት።

“አጸደ ፌስቡክ ላይ አይታ፣ ማክሰኞ ቤቴ መጥታ ነገረችኝ። ከእሷ ጋር አልቅሻለሁ” አለች። “አሁን ደግሞ እናንተ ጀምሩ።”

ክፍሌ የማንገቻውን ጫፍ እንደያዘ ቀረ። ሆሣዕና በስልኮቹ ባልዲ ውስጥ የሚጮኸውን የሰው ስልክ ትመለከታለች። ከማክሰኞ ጀምሮ በየቀኑ እየደወለ ያሳቃት፣ እሷም ስትስቅለት የሰነበተችለት ያሬድ ግን፣ በተዋሰው ኮት፣ እርጥቡ አረም ክምር ላይ ቁጭ አለ።