ሞያ የለም

ኮራሎቹ ዘሃራን ያውቋታል። ናሆም ይህን ለማንም አይናገረውም፤ ቢናገር ይሳቅበታል። ኮራል ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፤ እንስሳ ይባል እንጂ ድንጋይ ላይ የተጣበቀ አፍ ነው። ይህን ኖርዌይ ድረስ ሄዶ ተምሮታል። ሆኖም ዘሃራ መጥረጊያዋን ይዛ ሳሎን ስትገባ፣ እሱ ከጧት ጀምሮ ደጅ የጠናቸው ጉዶች አንድ በአንድ ጣታቸውን ይዘረጋሉ። በዓይኑ በብረቱ አይቷል። ባየ ቁጥር ደግሞ አንጀቱ ያራል።

ቤቱ ካርቱም፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለ የጥርስ ሐኪሙ የዶክተር ሁዘይፋ ቪላ ነው። ስድስት መቶ ሊትር ጨዋማ ውሃ የያዘ የመስታወት ገንዳ ሳሎኑን ለሁለት ከፍሎ ቆሟል። ናሆም እሱን እንዲንከባከብ ከተቀጠረ ስምንት ወር ሆነው። እዚሁ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ተወልዶ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቱ አክስቱ ዘንድ ኖርዌይ ተልኮ፣ የባሕር ሕይወት አጥንቶ የተመለሰ ሰው ነው። ለምን እንደተመለሰ ሲጠየቅ በየሳምንቱ የተለየ መልስ ይሰጣል። ሻንጣውንም እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላራገፈውም።

ዘሃራ ከወሎ ከመጣች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሰባቱንም የኖረችው እዚሁ ቤት ነው። ሥራዋ ማጽዳትና ማብሰል ነበር። ገንዳው እጇ ላይ የወደቀው የቀድሞው ባለሙያ ጥሎ ሲሄድና መለኪያዎቹ በሙሉ ሲበላሹ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ መለኪያ አኖረችው። ለኮራሎቹም ስም አወጣችላቸው፤ ቅርንጫፍ ያለውን «ቀንዶ»፣ እንደ ቅጠል የተጠቀለለውን «ጎመኔ»፣ በውሃው የሚርገበገበውን «ሻሿ» ትላቸዋለች። ናሆም ሁሉንም በላቲን ስማቸው ይጠራቸዋል። የሚሰማው ግን የለም። ዶክተሩ ራሱ እንግዳ ሲያስጎበኝ «ይኼ ቀንዶ ነው» ነው የሚለው።

ናሆም ሥራ እንደጀመረ ገንዳውን አዘመነው። በስልክ የሚታዘዝ መብራት ሰቀለ፤ ጧት ሰማያዊ፣ ቀትር ላይ ነጭ፣ ማታ እንደገና ሰማያዊ። ውሃው ሲተን ጨው ስለሚከማች፣ የጎደለውን የተጣራ ውሃ ከበርሜል እየሳበ የሚተካ ትንሽ ፓምፕ ገጠመ። በርሜሉን ከቧንቧ ማጣሪያው መሙላት የዘሃራ ሥራ ሆነ። ከዚያ ወደ ምግቡ ዞረ። ኮራል ሥጋው ውስጥ የተሸሸጉ ረቂቅ አልጌዎች አሉት፤ እነሱ በብርሃን ያበስላሉ፣ እሱ ይበላል። ለማብሰያው ግን ውሃው ውስጥ ጥቂት ናይትሬትና ፎስፌት ያስፈልጋል። ሲበዛ ውሃው ይሻግታል፤ ጨርሶ ሲጠፋ፣ በተለይ ብርሃኑ ከበረታ፣ ኮራሉ ይገረጣል። ናሆም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ይሁን እንጂ ለዶክተሩ የሚያሳየው ቁጥር ያምረው ነበር፤ ከዜሮ የሚያምር ቁጥር ደግሞ የለም። አጣርቶ አጣርቶ ዜሮ አደረሰው። ብርሃኑንም አበረታ።

ኮራሎቹ ገረጡ።

«ውሃው ጠኔ ይዞታል» አለች ዘሃራ።

«ውሃ አይራበውም፤ ንጹሕ ነው።»

«የተጠረገ ሌማትም ንጹሕ ነው» ብላ መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀለማቸው ተመለሰ። የቀንዶ ጫፎች ሐምራዊ ሆኑ፤ ጎመኔ ለመለመች። ናሆም መሣሪያዎቹ ሠሩ ብሎ ደረቱን ነፋ። ዶክተር ሁዘይፋ ግን ገንዳው ፊት ቆሞ ሻዩን ፉት እያለ፣ «የዘሃራ እጅ ይባረክ» አለ። ይቺ ቃል የናሆም ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረች።

ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። የዶክተሩ ደንበኛ የሆነ ጂብሪል የሚባል ሰው ፖርት ሱዳን ላይ ሆቴል ያሠራል። በእንግዳ መቀበያው አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ የኮራል ገንዳ ሊያቆም አስቧል፤ ቅዳሜ ማታ መጥቶ የዶክተሩን አይቶ ከወደደው ሥራውን ለናሆም ይሰጠዋል። ናሆም በልቡ ወስኗል፤ ይህ ከተሳካ ሻንጣውን ያራግፋል፣ ካልተሳካ ይሄዳል። ለዚህ ነው «የዘሃራ እጅ» የሚል ቃል ጂብሪል ጆሮ እንዳይደርስ የፈለገው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ውሃውን ለካ። ናይትሬት አምስት። ፎስፌቱም መጽሐፉ የሚለው ልክ ላይ። እሱ ዜሮ ያደረገውን አንድ ሰው መልሶ ሞልቶታል፤ ያውም ያለ አንዳች መሣሪያ። ከገንዳው ጀርባ ያገኛትን ኩባያ አንስቶ አሸተታትና ይዟት ማድ ቤት ገባ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እጣቢ» አለች ዘሃራ፤ ሽንኩርት ከመክተፉ ቀና አላለችም።

«የምን እጣቢ?»

«የሽሪምፕ። ለዶክተር ልጠብስ ሳጥብ የሚወጣው።»

«በስንት ቀኑ ነው የምትጨምሪው?»

«ሲርባቸው።»

«መራባቸውን በምን ታውቂያለሽ?»

«አንተ የራበህ ቀን በምን ይታወቃል? ፊትህ ይገረጣል፣ ነገር ነገር ይልሃል።»

«ዘሃራ፣ ይኼ ሽሮ ማማሰል አይደለም! ሙያ ነው። ሙያ ይጠይቃል!»

አሁን ቀና አለች። «ሙያ» አለች ቀስ ብላ፣ ቃሉን እንደምትቀምሰው። «እሺ፣ ባሽመሀንዲስ። መብራትህን ግን ቀንስላቸው። የቀንዶን ጫፍ እየው፤ ከላይ ያለው ሊቃጠል ነው።»

ባሽመሀንዲስ እዚህ ከተማ ለመሐንዲስ የሚሰጥ የክብር ስም ነው። በእሷ አፍ ሲሆን ግን ክብሩ ይተናል። ናሆም ኩባያዋን ዕቃ ማጠቢያው ላይ ደፋት። የመብራቱን ሰሌዳ ከፍቶ ብርሃኑን ጭራሽ ጨመረና በአራት ቁጥር ቆለፈው።

«ሶኬት ደግሞ እንዳትነኪ። እሱን ከነቀልሽ ፓምፑም ይጠፋል፣ ዓሣዎቹም ይታፈናሉ።»

«ሰምቻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ከነቤተሰቡ ለሠርግ ወደ መደኒ ከተማ ሄደ። ናሆምም እስከ ቅዳሜ ድረስ ወደ አባቱ ቤት፣ ወደ ቡሪ ገባ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አባቱ ገብረየስ ግቢ ውስጥ የታክሲ ሞተር ፈታትቶ ተቀምጧል። ናሆም የብሎን መፍቻ ቁልፍ ያቀብለዋል። ስልኩ ጮኸ፤ መልእክት ነው፣ ከዘሃራ።

«ናሆም ሞያ የለም። መብራትህ አቃጠላቸው። ምን ይሻላል»

ደግሞ አነበበው። ትናንት ሙያ ነው ብሎ ለጮኸባት መልስ መሆኑ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ አብስላው መላኳ ነው። *ሙያን እንኳ በሞ ነው የምትጽፈው፤ እሷ ናት ሙያ የለህም የምትለኝ!* ስልኩ መደወል ጀመረ። ዝም አለው። እንደገና ጠራ። አጠፋው።

«ማናት?» አለ ገብረየስ።

«የሥራ ቦታ ሰው።»

«ሁለቴ የደወለች ሴት ቁም ነገር ይኖራታል።»

«የሷን ቁም ነገር በጽሑፍ ልካዋለች።»

«እህ» አለ አባቱ፣ ጥቁር ዘይት የነካ እጁን ለቁልፍ እየዘረጋ። «ትምህርት እልኸኛ ያደርጋል አሉ። አሥራ አራት ቁጥሩን አቀብለኝ።»

ናሆም ቁልፉን አቀበለው። እስኪመሽ ድረስ በልቡ መልስ ሲያሰናዳ ዋለ፤ በአማርኛ ጀምሮ በኖርዌይኛ ይጨርሰዋል። የሚጥለው ግን አልተገኘም።

ቅዳሜ ወደ አመሻሹ ሪያድ ሲደርስ የቪላው በር ገርበብ ብሏል። ዘሃራ የለችም። ሳሎን ገብቶ ገንዳውን ሲያይ ባለበት ቆመ።

ውሃው ወደ ታች ሸሽቷል። የቀንዶ የላይኛው ቅርንጫፎች ከውሃ በላይ ወጥተው ነጭ ሆነዋል፤ ለስድስት ጣት ያህል እንደ አጥንት ገርጥተዋል። መተኪያው በርሜል ባዶ ነው። ከገንዳው በላይ፣ በመጥረጊያ እንጨትና በሁለት ወንበር ላይ፣ የዘሃራ ሰማያዊ ቶብ ተወጥሯል፤ ሴቶቹ እላያቸው ላይ የሚጠቀልሉት ያ ረጅም ስስ ጨርቅ። ዳር ዳሩ እርጥብ ነው። ናሆም ቶቡን ሊገፈው እጁን ሲዘረጋ ግቢው ውስጥ የመኪና በር ተዘጋ።

ዶክተር ሁዘይፋ ገባ፤ ከኋላው ጂብሪል። ጂብሪል ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ሁለቱም የነጣውን ቅርንጫፍ አዩት።

«ምን ሆነ?» አለ ዶክተሩ በአረብኛ።

ናሆም ዘሎ ገባበት። «በርሜሉን መሙላት የእሷ ሥራ ነው፣ ዶክተር። ባዶ ትታው ጠፍታለች! ጭራሽ ልብሷን ሰቅላበታለች።»

«አልደወለችልህም?»

«መደወልስ ደውላለች፤ ለስድብ! ሥራውን ትታ ትሰድበኛለች። ይኸው ማስረጃው፣ በእጇ የጻፈችው።» ስልኩን አወጣ።

«እኔ ፊደላችሁን አላነብም። አንተ አንብበው።»

ናሆም ጉሮሮውን ጠራረገና መጀመሪያ በአማርኛው፣ እያንዳንዱን ቃል እየረገጠ አነበበ። «ናሆም፣ ሞያ የለም…»

ወደ አረብኛ ሊመልሰው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዶክተር ሁዘይፋ ቀድሞታል። ሰባት ዓመት ከዘሃራ ጋር አንድ ቤት የኖረ ሰው አማርኛ ባይችልም አለንና የለምን ይለያል።

«ሞያ የለም?» አለ። «ሞያ ማፊ! ውሃ ጠፋ ብላ ጻፈችልህ፤ አንተ ደግሞ ተቀመጥክ?»

በካርቱም ሞያ ማለት ውሃ ነው። ቡሪ የተወለደ ሕፃን ከእናቴ ቀጥሎ የሚማራት ቃል ናት። ናሆምም ያውቃታል፤ ልጅ ሆኖ ውኃ በጋሪ የሚያዞረው ሰውዬ አህያውን እየነዳ ሲጮኻት ሰምቶ አድጓል። ዓርብ ዕለት ግን ያነበበው ዓይኑ ሳይሆን ቅናቱ ነበር። ስልኩ እጁ ላይ ከበደው። አሁን ቃሎቹ እንደገና ተራ ገብተው ቆሙለት፤ ውሃ የለም፣ መብራትህ አቃጠላቸው፣ ምን ይሻላል። ስድብ የለበትም። ስድቡን ያመጣው እሱ ነው።

በዚህ መሃል ዘሃራ በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ ገባች። ራሷ ላይ ያሰረችው ሻሽ በላብ ርሷል። ሦስቱን ወንዶች አይታ ጀሪካኖቹን አስቀመጠች።

«ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ቧንቧ የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ደርቋል» አለች ለዶክተሩ፣ በራሷ አረብኛ። «አንተም ጋ ደወልኩ፣ ዘፈኑ ነው መሰለኝ አልሰማህም። የታሸገ ውሃ ያለው ሱቅ ዛሬ ነው የተገኘ።» ወደ ናሆም ዞረች፤ አማርኛዋ ተመለሰ። «መብራቱን ላጥፋው ብል ቆልፈኸዋል። ልንቀለው ብል ዓሣዎቹ ይታፈናሉ ብለሃል። ቶቤን እያረጠብኩ ከለልኩላቸው፣ ምን ላድርግ።»

«ለምን ውሃ ብለሽ አልጻፍሽም?» ድምፁ ራሱን አሳፈረው።

«ሰባት ዓመት ሞያ አምጪ፣ ሞያ አፍስሺ ስባል ኖሬ፣ ውሃ የሚለው ቃል በጭንቅ ሰዓት ከየት ይምጣልኝ?» ቆም ብላ አየችው፤ ገባት። «አንተ… ሙያ የለህም ያልኩህ መስሎህ ነው?»

ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«አይ ናሆም። እሱንማ ብል በስልክ ምን አስላከኝ? ሐሙስ ዕለት ፊት ለፊት እነግርህ ነበር።»

ጂብሪል ከተባባሉት አንዱንም አልሰማም። ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ ውስጥ ያያል። ቶቡ ጥላ ካጠላበት በታች ያሉት ኮራሎች ቀለማቸው እንዳለ ነው። ሻሿ የተባለችው ትርገበገባለች።

«ጨርቁን ማን ነው የሰቀለው?» ጠየቀ።

ይቺ ጥያቄ ለናሆም ተዘረጋችለት። ዝም ቢል ዶክተሩ እንደሚመልሳት ያውቃል፤ ቢመልሳት ደግሞ ፖርት ሱዳን ከእጁ ትወጣለች። ዘሃራን አየ። እሷ እሱን አታይም፤ የጀሪካኑን ክዳን እየፈታች ነው።

«እሷ ናት» አለ። «መብራቱን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። የጠራችኝ ቀን ያልመጣሁትም እኔ ነኝ።»

ጂብሪል ቀና ብሎ መቁጠሪያውን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ለዶክተሩ፣ «አሁን ምንም አልልም» አለው። «እነዚህ ሲያገግሙ ጥራኝ። አገገሙ የምትለው ግን እሷ ትሁን። እሷ በቃቸው ስትል ትደውልልኛለህ፣ ያኔ ስለ ባሽመሀንዲሱ እንነጋገራለን። ኢንሻአላህ።»

ዶክተሩና እንግዳው ወደ በረንዳው ወጡ። ናሆምና ዘሃራ ብቻቸውን ቀሩ። ከውጭ የሻይ ማንኪያ ድምፅ ይሰማል።

«ቁጥሩን ንገረኝ» አለች፣ የመብራቱን ሰሌዳ እያሳየችው።

ነገራት። እየነካካች፣ «የምን ቀን ነው?» አለችው።

«የተመለስኩበት ቀንና ወር።»

«አልረሳኸውማ! እኔ እኮ ሁሌ ነገ ሂያጅ ነው የምትመስለኝ።»

መብራቱ ተከፈተላት። ጣቷን ወደ ታች ጎተተች፤ ነጩ ደበዘዘ፣ ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ናሆም በልቡ *ሃያ በመቶ* ሲል እሷ ሃያ ሁለት ላይ አቆመችው። ቁጥሩን አላየችም፤ የምታየው ጎመኔን ነው።

«ስንት ቀን እዚህ ላይ ይቆይ?» አላት። እንደዚህ ጠይቋት አያውቅም።

«እስኪበቃቸው።»

ከጀሪካኑ በኩባያ እየቀዳች፣ በመስታወቱ ጥግ በኩል ታንቆረቁር ጀመር። ናሆም ሁለተኛውን ጀሪካን አንስቶ ያዘላት። ኩባያዋ ሦስተኛ ስትሞላ፣ ከተቃጠለው ቅርንጫፍ ሥር፣ ገና ሐምራዊ የሆነው ላይ አንዲት ጣት ብቅ አለች። ከዚያ ሌላ። ሁለቱም ወደ ዘሃራ እጅ በኩል ዘንበል ያሉ መሰለው። ውሃው ከዚያ ስለሚመጣ ነው፣ ሞገድ ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም አለ ለራሱ። ይህንንም እያለ፣ ጀሪካኑን በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ኩባያዋን እሱ ቢይዛት ኖሮ ይወጡ ነበር ወይ እያለ ያሰላ ነበር።