የግራው ስንጥቅ

አባት ልጁን ውሃ እንድታፈላ ወደ ኩሽና የላካት ሆን ብሎ ነው። አዲሱ የጠርዝ ጎማ በሙቅ ውሃ ካልለሰለሰ በሞተር ብስክሌቱ የፕላስቲክ የፊት መስታወት ዙሪያ አይገባም፤ ይህ እውነት ነው። እሱ ግን ልጁ እስክትመለስ ግራውን ጠርዝ ብቻውን ሊገልጠው ፈልጓል። አሮጌው ጎማ ደርቆ ተጣብቋል፤ በካቻቪቴ ጫፍ ቢፈለቅቀውም በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚወጣው። ላብ አጠመቀው።

ከሥሩ ያለውን ያውቀዋል። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ፖስታ ሲያመላልስ እርጥብ መታጠፊያ ላይ ወድቆ መስታወቱ ተሰንጥቆ ነበር። በማጣበቂያ ለጠፈው፣ ጎማውን መልሶ አለበሰውና ዝም አለ። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ «ሠላሳ ዓመት ያለ አንዳች አደጋ» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጠው። ወረቀቱ ሳሎን ተሰቅሏል። ለልጁ ሞተሩን የሰጣትም እዚያ ወረቀት ሥር አቁሞ ቃል አስገብቷት ነው፦ አንድ ቀን ከወደቀች ቁልፉን ትመልሳለች። እሷ ደግሞ ከጤና ጣቢያዎች የደም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የምታደርስ ናት። ሞተር የሌለውን እዚያ ሥራ ማንም አያስጠጋውም።

ልጅቱ ከጠበቃት በላይ ፈጥና መጣች። ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በቀኝ በኩል ቆመች፤ እጇን ከቀኙ ጠርዝ ላይ አላነሳ አለች።

«አባዬ፣ የቀኙ ደህና ነው። ግራውን ብቻ ብንቀይረውስ?»

«ግማሽ ጎማ ደግሞ የት አገር አየሽ?» አላት። እሱም በሆዱ ቀኙን ብቻ ብንቀይረውስ ሲል ነበር።

እጇን በቀስታ ገፋ አድርጎ የቀኙን ጎማ ያዘ። ሳይታገለው መጣለት፤ በቅርቡ ተከፍቶ የተዘጋ ነገር እንደዚያ ነው። ከሥሩ የጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ ነበር፣ ገና ነጭ በሆነ ማጣበቂያ የተለጠፈ።

አባት ቀና ብሎ አያት።

«ከሁለት ወር በፊት ነው» አለች። «ጠጠር ላይ አንሸራተተኝ። ናሙናዎቹ ምንም አልሆኑም።»

«አንቺስ?»

«ክርኔን ትንሽ።»

ከኪሷ ቁልፉን አውጥታ ድስቱ አጠገብ አስቀመጠችው። ቃል ቃል ነው አለች። ከዚያ እሱ ግማሽ ድረስ በገለጠው ግራ ጠርዝ ላይ ሌላ ስንጥቅ አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«ግራውንም ሰብሬዋለሁ ማለት ነው። እኔ ያየሁት ቀኙን ብቻ ነው። ይቅርታ አባዬ።»

የግራው ማጣበቂያ እንደ ሻይ ቢጫ ሆኗል። ቀረብ ብላ ብታይ የቆየ መሆኑ ይገባት ነበር፤ ግን ቀና ብላ ማየቱም አስፈርቷታል። አባት ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃል። ወረቀቱ ከግድግዳው አይወርድም፣ ሞተሩን ከመነሻው ያልወደደችው እናቷ «አላልኳችሁም?» ብላ እፎይ ትላለች፣ ልጁም ከእንግዲህ ጠጠር ላይ አትንሸራተትም። ለደህንነቷ ነው ብሎ ራሱን ለማሳመን ሞከረ። አፈረ።

ውሃው እየቀዘቀዘ ነበር።

«ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?» አላት በመጨረሻ።

«አንተ ወድቀህ አታውቅማ። ምን ብዬ ልንገርህ? ይሄን ጎማ ባየሁ ቁጥር ልነግርህ እልና እተወው ነበር።»

ልናገር ብሎ መተውን እሱም ያውቀዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮት ኖሯል። ጎንበስ ብሎ የግራውን ስንጥቅ በጥፍሩ ተከተለው፤ ያኔ ከለጠፈው በሁለት ጣት ረዝሟል።

«መሰርሰሪያውን አምጪ» አለ። «ስንጥቅ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካልተበሳለት መሄዱን አያቆምም። በግራው እንጀምራለን።»

«ለምን በግራው?»

«እሱ የኔ ነው። አንቺ የሰባት ዓመት ልጅ ከነበርሽበት ጊዜ ጀምሮ ሲሄድ ነው የኖረው።»

ልጅቱ ቢጫውን ማጣበቂያ አየች፤ ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ሳሎኑ ግድግዳ ተመለከተች።

«ወረቀቱስ?»

«መሰርሰሪያውን ይዘሽ ስትመጪ አውርጂው» አላትና ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስቶ ሞተሩ ላይ ሰካው።