ሽቦ የተሰካባት ችግኝ

ታላቅ ወንድሜ መሐንዲስ ነው፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳበት አይፈልግም። እኔ የማስተዳድረው ችግኝ ጣቢያ ከሰፈሩ ጋር ከአንድ ጉድጓድ ነው የሚቀዳው። ጉድጓዱ መጉደል ሲጀምር የውሃ ኮሚቴው "ወይ ፍጆታሽን በግማሽ ቀንሺ፣ ወይ ዝጊ" አለኝ። ችግኞቹ ደግሞ ለጌጥ አይደሉም። ከሰፈሩ በላይ ያለው ዳገት በየክረምቱ እየተናደ ቤቶቹ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ዝናቡ ሳይገባ ጠንክረው፣ ሲገባ እዚያ መተከል አለባቸው። ቸገረኝና ለወንድሜ ደወልኩ።

"አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ በግምት ነው የምታጠጪው?" አለኝ። ሰላምታው መሆኑ ነው።

መጣና ከውሃ ታንከሩ ሥር በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ገጠመ፤ በየችግኝ መደቡ ቀጫጭን ቱቦ ዘረጋ። ቀጥሎ ረጅም ሽቦ ያለው ሴንሰር አውጥቶ በሩ አጠገብ ካለው መደብ፣ ከአንዲት ችግኝ ሥር ሰካው። አፈሩ ሲደርቅ ሴንሰሩ ለቫልቩ ይነግረዋል፣ ውሃው ይለቀቃል፤ ሲርስ ይዘጋል።

"ለዚህ ሁሉ መደብ አንድ ሴንሰር ይበቃል?" አልኩት።

"አፈሩ አንድ፣ ፀሐዩ አንድ። ምን ያደርግልሻል ሌላ? በር ጋ የሰካሁት ሽቦ እንዳልጎትት ብዬ ነው።"

አባባ በሩ ጥግ ካለችው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጎማ እየጎተቱ ችግኞቹን የሚያጠጡት እሳቸው ነበሩ። "ከእጅ አይሻል ዶማ" አሉ። ወንድሜ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ደስ አለን። ታንከሩ እንደሞላ ይውላል፣ የኮሚቴው ሰብሳቢም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፈገግ ማለት ጀመረ። ውሎ አድሮ ግን የመሃሉ መደብ ቅጠሉ ተንጠለጠለ፤ ከዚያ የዳሩ ተከተለ። ውሃ ይቆጥባል የተባለው ቫልቭ ለካ ጭራሽ መከፈት ትቷል።

"ሴንሰሩ እርጥብ ነው ይላል" አለኝ ወንድሜ በስልክ።

"እኔ ደግሞ ደረቀ እያልኩህ ነው።"

"ሴንሰር አይዋሽም።"

"እኔስ?"

መጥቶ ሴንሰሩን በአዲስ ቀየረው፤ ቫልቩንም በትኖ መልሶ ገጠመው። ሁሉም ደህና ነው። ሲቸግረው "አንቺ ነሽ የምትነካኪው" አለኝና ተኳረፍን። እራት ላይ አባባ በመሃላችን ተቀምጠው አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያዩ ነበር። እኔ የማስበው ዳገቱን ነው። እነዚህ ከሞቱ ዘንድሮ የሚተከል ሌላ ነገር የለንም።

በማግስቱ ጠዋት ከቤት ወጥቼ ወደ ጣቢያው ስገባ አባባ ፊታቸውን ታጥበው፣ የሚጠጡትን ውሃ በኩባያ ይዘው በርጩማቸው ላይ ነበሩ። ግማሹን ጠጡ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና የቀረውን ሽቦ ከተሰካባት ችግኝ ሥር ቀስ አድርገው አፈሰሱት።

"አባባ!" ብዬ ጮህኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር። "ሌሎቹ እኮ በውሃ ጥም ያለቁት በዚህ ነው!"

"በየጠዋቱ አንዲት ጉንጭ ውሃ ምን ታደርጋለች ብለሽ ነው?"

"ለሁሉም የምትናገረው እሷ ናት! እሷ ስትጠጣ ማሽኑ ሁሉም የጠጡ ይመስለዋል!"

ነገሩ የገባቸው ቀስ ብሎ ነው። የመሃሉን መደብ አዩ፣ ኩባያውን አዩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አሉ። "ሽቦ ሰክተውባት ሳይ የታመመች መሰለችኝ። እናትሽንስ ሐኪም ቤት እንዲህ አድርገዋት አልነበር? 'ውሃ፣ ውሃ' ስትለኝ፣ ሐኪሙ ከልክሏል ብዬ ነሳኋት። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከንፈሯን እንኳ አላራስኩላትም። ጠዋት ሞተች።"

ይህን ነግረውን አያውቁም። ጩኸቴን መልሼ ብውጠው ወደድኩ። ወንድሜ ለካ ቫልቩን ዳግመኛ ሊፈታ መፍቻውን ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አሁን ስለ አፈር እርጥበት ትንታኔ ይጀምራል ብዬ ፈራሁ።

አልጀመረም። ተንበርክኮ ሴንሰሩን ነቀለ፣ ጭቃውን በሱሪው ጠረገው። ከመኪናው ተጨማሪ ሽቦ አምጥቶ እስከ መሃሉ መደብ ድረስ ጎተተና እዚያ ሰካው። ትንሽ ቆይቶ ቫልቩ ቀጭ ሲል ተሰማ፤ ቱቦዎቹም ማንጠባጠብ ያዙ። የዳሩ መደብ ከግማሽ በላዩ አይተርፍም፤ የመሃሉ ግን ግንዱ ገና አረንጓዴ ነው።

"በር ጋ መሰካት አልነበረብኝም። ጥፋቱ የኔ ነው" አለ፣ ወደ ማናችንም ሳያይ። ከአፉ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

አባባ አጠገባቸው ያለችውን ችግኝ እያዩ ነበር። ሽቦው የነበረበት ቦታ ትንሽ ቀዳዳ ሆኖ ቀርቷል።

"ነቀልክላት?" አሉት።

"ነቀልኩላት፣ አባባ። ድናለች።"

አባባ ኩባያውን ሰጡኝ። "ሞልተሽ አምጪልኝ" አሉ። "ከዳነችማ ማን ይከለክላታል።"