በሚካኤል ዕለት የመጣ አረንጓዴ ውሃ

ሰገነት መሐንዲስነቱን ታውቅበታለች፤ ቀን መምረጥ ግን አይሆንላትም። እስቲ አሁን በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ሽንት ቤት ውስጥ ቀለም የሚጨምር ሰው ምን ይባላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣና ዳር ካለው ደብር ሥር አንዲት ምንጭ አለች፤ ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ እሷን ይቀዳል። ሰገነት ከላይ ካለው የሠራተኞች ሰፈር ሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ምንጯ እንደሚሰርግ ጠርጥራለች። "ክረምቱ ሳይገባ ካልተዘጋች ልጆቹ በተቅማጥ ይረግፋሉ" ብላ ቀበሌውን ብትወተውት፣ "ማስረጃ አምጪ፣ ጓድ" አሏት። እሷም ሰው የማይጎዳ አረንጓዴ ቀለም በሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ጨመረች። ቀለሙ ምንጯ ላይ ከታየ፣ ከዚያ ወዲያ ማስረጃ የለም።

ታየ! በማግስቱ ምንጯ እንደ ቄጠማ አረንጓዴ ሆና ፈሰሰች። ከንግሥ የሚመለሰው ሕዝብ ይህን አይቶ እልልታውን አቀለጠው።

"ጠበል ፈለቀ! የሚካኤል ጠበል!"

ጣሳ ያለው በጣሳ፣ የሌለው በእፍኙ ይጋፋ ጀመር። እናቶች ያዘሏቸውን ሕፃናት አውርደው አጠጡ። ሰገነት መሃላቸው ገባች።

"ኧረ በፈጠራችሁ አትጠጡ! ቀለሙን የጨመርሁት እኔ ነኝ!"

"ዝም በይ፣ አንቺ ካድሬ!" አሏት።

እየሮጠች ወደ ደብሩ አለቃ፣ ወደ አባ ወልደ ሐዋርያት ወጣችና አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

"ከሽንት ቤት?" አሉ አባ።

"አዎ፣ አባቴ። ሰው ቢሞት በእኔ ጦስ ነው።" እንባዋ ቀደማት።

"እኔም እኮ በረከት ነው ብዬ ቀምሻለሁ" አሉና እንትፍ፣ እንትፍ አሉ። ከዚያ መስቀላቸውን ይዘው ወረዱ።

"ምእመናን! ይህ ጠበል አይደለም። ትናንት እላይ ሽንት ቤት የገባ ቀለም ነው፣ ዛሬ እዚህ የወጣው። ስንጠጣ የኖርነው ምን እንደሆነ ቅዱስ ሚካኤል በበዓሉ ገለጠልን። የጣናን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ከዚህች ምንጭ ግን ማንም እንዳይቀዳ በሥልጣነ ክህነቴ ገዝቻለሁ!"

ቀለሙን ማን እንደጨመረው አላነሡም። የተቀዳው ሁሉ ወዲያው ይደፋ ጀመር።

የደብሩ መነኩሲት እማሆይ የብርጓል የሞላ እንስራቸውን ለመድፋት ሲታገሉ ሰገነትን አዩዋት።

"አየሽ የሚካኤልን ሥራ? አንቺ ያን ያህል ተምረሽ፣ ይህን ሳታውቂ ቀረሽ!"

ሰገነት ቀለሙን የጨመረችው እሷ መሆኗን ልትነግራቸው ቃጣት። አፏንም ከፍታ ነበር። ዞር ብላ ብታይ ምንጯ ዘንድ አንድም የሚቀዳ ሰው የለም።

"እውነትዎን ነው፣ እማሆይ፤ አላወቅሁም" አለችና እንስራውን አብራቸው ደፋች።