ወደ ኩስኮ የሚወጣው አንድ ሰው

የጉዞ ወኪሏን የሥራ ባልደረቦቿ «ደቂቃ» ነበር የሚሏት። አንድም ቀጠሮ ስለምታከብር፣ አንድም ለአንድ ደቂቃ እንኳ ረግታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው። ስልክ እያናገረች እስከ መስኮቱ ትሄዳለች፤ ተመልሳ የወንበሯን መደገፊያ ትነካና ደግሞ ወደ በሩ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ለሙሽሮች ደሴት፣ ለጡረተኞች መርከብ ስትመርጥ ኖራለች። እሷ ራሷ ግን ለአንድ ሳምንት ስልጠና ካልሆነ በቀር ድንበር ተሻግራ አታውቅም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጡ ግንበኛ ወደ ቢሮዋ መጡ። መዳፋቸው ሰፊ ነው፤ በዚያ መዳፍ ላይ ከድሮ መጽሔት የተቀደደ፣ እጥፋቱ የነተበ ፎቶግራፍ አኑረዋል። ፎቶው ፔሩ ውስጥ ኩስኮ በምትባል የተራራ ከተማ የቆመ ጥንታዊ ግድግዳ ያሳያል። ግዙፎቹ ድንጋዮች ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ኖራ እርስ በርስ ተነካክሰው ቆመዋል። ግንበኛው መጋጠሚያውን በጣታቸው እየተከተሉ፣ በዚህ መሃል ምላጭ እንኳ እንደማይገባ፣ ሠላሳ ዓመት ይህን በዓይናቸው ለማየት ሲመኙ እንደኖሩ፣ ለባለቤታቸውም አብረው እንደሚሄዱ ቃል እንደገቡ አጫወቷት።

«በወጣትነቴ ቢሆን በእግሬም እሄደው ነበር» አሏት። «አሁን ጉልበቴ ከዳኝ። እንደ ንጉሥ ውሰጂን፣ ልጄ። ምንም እንዳይቀርብን።»

ደቂቃም ምንም አላስቀረችም። በመንገዳቸው ላይ በምትገኘው የቦነስ አይረስ ከተማ ድሮ የባለጸጋ መኖሪያ የነበረ ሆቴል፣ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ውቅያኖሱን ቁልቁል የሚያይ ሰፊ ክፍል፣ ወደ ማቹ ፒቹ ፍርስራሽ የሚወስድ ጣሪያው መስታወት የሆነ ባቡር፣ በየደረሱበት የራሳቸው አስጎብኚ፣ ሻንጣ የሚያወጣና የሚያስገባ አስተናጋጅ፤ ባጠቃላይ የሃያ ቀን ጉዞ። ግንበኛው ግን ፕላን ማረም የለመዱ ሰው ናቸውና በየሁለት ቀኑ እርሳስ ይዘው ብቅ ይሉ ጀመር። ከቦነስ አይረስ አንድ ቀን ይቀንሱና ኩስኮ ላይ ይጨምሩታል። በሳምንቱ ሌላ ቀን። አምስት ቀን የነበረው ቦነስ አይረስ ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው ደቂቃ ስለ ከተማዋ ዝነኛ ጭፈራ ልታስታውሳቸው ሞከረች። እሳቸው ጭፈራ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ እንዳልሆነላቸው ነገሯትና አንዱን ቀን ደግሞ ሰረዙት።

ባለቤታቸው ብቻቸውን የመጡት ሐሙስ ዕለት፣ ቢሮው ገና ሲከፈት ነው። ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የሰላ፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ደረጃውን እንደ ጨረሱ በሩ ላይ ቆመው ትንሽ ትንፋሽ ሰበሰቡ። ደቂቃ ወንበር ሳበችላቸው።

ሴትዮዋ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም። አስጎብኚው ድርጅት የላከውን የጤና ቅጽ የሞሉት ባላቸው መሆናቸውን፣ «ሁለታችንም ደህና ነን» ብለው ሲጽፉ እሳቸውም ዝም ብለው መፈረማቸውን ተናገሩ። ከቦርሳቸው የሐኪም ደብዳቤ አወጡ። የሴትዮዋ ልብ ደክሟል፤ ሐኪሙ ከፍ ያለ ቦታ ጨርሶ ከልክሏቸዋል። ኩስኮ ደግሞ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ናት፤ ሰው አየሩ አንሶት እንደሚቸገርባት ደቂቃ ጠንቅቃ ታውቃለች።

«ጋሼ ያውቃሉ?» አለች።

«አያውቅም። ካወቀ ሁሉንም ነገር ይሰርዘዋል። የኩስኮ ሆቴል ሞላ በዪው፣ መንገዱ ተዘጋ በዪው፤ አንዱን ምክንያት ፈልጊለት።»

ደቂቃ ግን እንዲህ ያለ ውሸት እንደማትችል፣ ይህን አይታ የተራራውን ትኬት ብትቆርጥ ደግሞ ሕሊናዋ እንደማይለቃት አስረዳቻቸው። ሴትዮዋ ደብዳቤውን አጠፉና ለባላቸው ምን እንደሚሉ እስኪያስቡ አንድ ሳምንት እንድትታገሣቸው ለመኗት። እሺ አለች።

ያ ሳምንት ለወኪሏ መከራ ሆነባት። ሌላ ደንበኛ እያናገረች ሐሳቧ ጥሏት ይሄዳል፤ የአንዱን ባለ ጉዳይ ስም ለሌላው ሰጥታ አለቃዋን አስቆጣች። ምሳ ሰዓት ላይ ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ቀርታ የፔሩን ካርታ ታገላብጣለች፤ ከተራራው ትነሳና በጣቷ ወደ ባሕሩ ትወርዳለች። በአራተኛው ቀን ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። በስተሰሜን፣ ትሩሂዮ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ፣ ቻን ቻን የሚባል ጥንታዊ ከተማ አለ። ሙሉ በሙሉ ከጭቃ የተሠራ፣ ግድግዳው ላይ ዓሣና የባሕር ወፍ የተቀረጸበት፣ ከባሕሩ ብዙም ከፍ የማይል ሜዳ ላይ የተንጣለለ። በዚያው ቀን አዲስ የጉዞ ዕቅድ ጻፈች።

ግንበኛው ሲመጡ ዕቅዱን እንደ አማራጭ አድርጋ ዘረጋችላቸው። አነበቡት። ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ድንጋይ አልኩሽ እንጂ ጭቃ አልኩሽ እንዴ? ጭቃማ ስሠራ ኖሬያለሁ።»

ደቂቃ የባሕር ዳሩ አየር ለጤና ተስማሚ እንደሆነ መናገር ጀመረችና መሃሉ ላይ አቋረጠችው። ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ግንበኛው ከወረቀቱ ቀና ብለው ጀርባዋን ሲያዩ ቆዩ። የሕንፃን ስንጥቅ ከቀለሙ በታች ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ባለቤቴ እዚህ መጥታ ነበር?»

ደቂቃ ሳትዞር የመስኮቱን መጋረጃ ታስተካክል ጀመር። ለእሳቸው ይህ በቂ መልስ ነበር። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ ረስተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ድምፃቸው ጠፋ። ደቂቃ ሁለት ጊዜ ቁጥራቸውን መትታ ሳይነሳ ዘጋችው። የሰው ምስጢር አወጣሁ ወይስ የሰው ነፍስ አዳንኩ እያለች ከራሷ ጋር ተሟገተች፤ አንዱንም ሳትረታ ሰባተኛው ቀን ደረሰ። በሰባተኛው ቀን ባልና ሚስቱ፣ የሐኪሙን ደብዳቤ ግንበኛው ይዘው፣ አብረው መጡ። ተኮራርፈው እንደሰነበቱ ከአረማመዳቸው ያስታውቃል፤ ግንበኛው ግን ደረጃውን ሲወጡ የሚስታቸውን ክንድ ይዘው ነበር።

ጉዞው ይሰረዝ አሉ ግንበኛው፣ ገና ሳይቀመጡ። ሴትዮዋ ደግሞ አይሰረዝም አሉ። «እሱ ወደ ኩስኮ ይወጣል፣ እኔ ባሕሩ ዳር እጠብቀዋለሁ።» ግንበኛው ያለሷ አንድ እርምጃ አልሄድም አሉ። ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ የያዘ መስሎ ጆሮውን ቀሰረ። ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ድንጋይ ስታወራ ሰምቼሃለሁ። በኔ ሰበብ ሳታየው ከቀረህ ቀሪ ዘመኔን ሁሉ ፊትህን እያየሁ ልሳቀቅ ነው። ውጣ። ውጣና መጥተህ ንገረኝ።»

ግንበኛው እርሳሳቸውን አወጡና ኩስኮ ላይ ከጻፏቸው ዘጠኝ ቀናት ስድስቱን ሰርዘው ለባሕሩ ሰጡ። ደቂቃም ወደ ኩስኮ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ለድርጅቱ ጻፈች፤ በትሩሂዮም ለሆስፒታል ቅርብ የሆነ ሆቴል መርጣ ነርስ ጭምር አዘጋጀች።

በወሩ ሄዱ። ደቂቃ ግን አላረፈችም። ሊማ ደረስን አሉ፤ ሴትዮዋ ትሩሂዮ ገቡ፤ ግንበኛው ተራራው ላይ ወጡ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ከኩስኮ ነው። ግንበኛው ወደ ትሩሂዮ የመመለሻ በረራቸው ዛሬውኑ እንዲሆንላቸው ጠየቁ።

ደቂቃ ከወንበሯ ተነሳች። «እትዬ ምን ሆኑ?»

«እሷ ደህና ናት፤ አሁን አናግሬያታለሁ። እኔ ነኝ ያልቻልኩት። ድንጋዩ እንዳሰብኩት ነው፣ ይበልጣልም። ግን አጠገቤ 'እሺ፣ ከዚያስ?' የሚለኝ ሰው የለም።»

ማቹ ፒቹስ፣ የመስታወት ጣሪያው ባቡርስ አለቻቸው። ሌላ ሰው ይሳፈርበት አሉ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በሊማ በኩል የመጨረሻዋን አንድ መቀመጫ አገኘችላቸው። ስልኩን ዘግታ መስኮቱ ጋ ደርሳ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ተመልሰው ሲመጡ ሴትዮዋ ናቸው ሊያመሰግኗት ብቅ ያሉት። ባላቸው በማታ ትሩሂዮ ደርሰው የሆቴል ክፍላቸው በር ላይ እንደቆሙ አጫወቷት። ከዚያ አራት ቀን ሙሉ በዚያ የጭቃ ከተማ አብረው ዞሩ፤ ሴትዮዋ ቶሎ ቶሎ ያርፋሉ፣ ግንበኛው ዝናብ ሲመጣ ጭቃው ምን እንደሚሆን እየጠየቁ አስጎብኚውን መድረሻ ያሳጡታል።

«ልቤስ እንደሆነ ያው ነው» አሉ ሴትዮዋ። «ሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ። አብረን ነው የምንሄደው፤ ሐኪሙን የሚጠይቀውን ከወዲሁ ጽፎ ጨርሷል። ሁለት ገጽ።»

ደቂቃ ሳቀች፣ ደረጃውንም ቀስ ብላ አብራቸው ወረደች።